እርድ፣ እጣንና የአንጎል ካንሰር፦ «መድኃኒቱ በጓሯችን ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የአባቷን የሐኪም ማዘዣ ይዛ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። በአንድ እጇ የኤምአርአይ ፊልም ያለበትን ትልቅ ፖስታ፣ በሌላው ደግሞ ከወገቡ በላይ ቡናማ ፈሳሽ የተሞላ ሃይላንድ ይዛለች። «ዶክተር፣ አባዬ ይህንን መጠጣት ከጀመረ ወዲህ ራስ ምታቱ ቀለል ብሎታል፤ ክኒኑን ላስቆመው እንዴ?» አለችኝ። ፋርማሲስት እንጂ ሐኪም አለመሆኔን ነግሬያት ማዘዣውን ተቀበልኳት። እንዲቆም የታሰበው ክኒን ዴክሳሜታዞን ነበር፤ በዕጢው ዙሪያ የሚፈጠረውን የአንጎል እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት ማለት ነው። ሐሳቡን ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት ስልኳን አውጥታ ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የሰነበተውን ጽሑፍ ከፈተችልኝና አንዷን አንቀጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሜ አነበብኩት። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለወገናቸው የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለዚህ የምመልሰው በአክብሮት ነው። ሆኖም ካነሧቸው ነጥቦች አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ስሕተት ናቸው፣ አንደኛው ደግሞ ሰው ሊገድል የሚችል ነው።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላዛባ ላስቀምጥ። የታወቁት የካንሰር መድኃኒቶች ራሳቸው ከዕፅዋት የተገኙ ስለሆኑ ወደ ምንጩ፣ ወደ ተክሉ መመለስ ይሻላል ይላል። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንና በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን ግሊዮብላስቶማ የተባለውን የአንጎል ካንሰር ሕዋሳት በላቦራቶሪ እንደሚገድሉ ስለታየ መሥራታቸው አያጠራጥርም ይላል። በጀርመን አገር በተደረገ ጥናት እጣን የአንጎል ዕጢን አሳንሷል ይላል። የመድኃኒት ኩባንያዎች በቅጠል ላይ የባለቤትነት መብት ስለማያገኙ እውነቱን ይሸሽጋሉ፣ ጠጥተው የዳኑ ሰዎችም አሉ ይላል። በመጨረሻም፣ ተፈጥሯዊ ነገር ስለማይጎዳ ከቀዶ ሕክምናውና ከጨረሩ በፊት ለጥቂት ወራት ቢሞክሩት የሚያጡት ነገር የለም ሲል ይደመድማል።

ወደ ምላሹ ከመግባቴ በፊት ጸሐፊው የተነሡበት ቁጭት ትክክል መሆኑን ልመስክር። ግሊዮብላስቶማ በአዋቂዎች ላይ ከአንጎል ከሚነሡት አደገኛ ዕጢዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው፤ ሕክምናውም እስከ ዛሬ ድረስ ደካማ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ እንደ መደበኛ ሕክምና የሚሰጠውን ቅንጅት ያጸናው ጥናት የታተመው በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን 573 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። ጨረር ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት እስከ 12.1 ወር ነበር፤ ቴሞዞሎማይድ የተባለው ክኒን ሲጨመርበት 14.6 ወር ሆነ። ሁለት ዓመት የተሻገሩት ከ10.4 በመቶ ወደ 26.5 በመቶ አደጉ። ይህ ትልቅ እመርታ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ለቤተሰብ ግን ከዚህ ቁጥር ምን ያህል ማጽናኛ ይገኛል? በአገራችን ደግሞ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ2006 ነው፤ የጨረር ሕክምናም ለአሥርተ ዓመታት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውጪ አልነበረም። ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሌላ በር ቢያንኳኳ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ጥያቄው በሩ ወደየት ይወስዳል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱንም በደስታ እቀበላለሁ። በ1963 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪንክሪስቲን የተገኘው የማዳጋስካር ፔሪዊንክል ከተባለች፣ ሮዝ አበባ ከምታወጣ ትንሽ ተክል ነው። ኢቶፖሳይድ የተሠራው በሜይአፕል ሥር ካለ ንጥረ ነገር ተነሥቶ ነው። ኢሪኖቴካን መነሻው በቻይና የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ፓክሊታክሰል ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ከሚበቅል ጥድ መሰል ዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ቪንክሪስቲን ዛሬም ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ተቀናጅቶ ለአንዳንድ ቀስ ብለው ለሚያድጉ የአንጎል ዕጢዎች ይሰጣል። በ2016 ውጤቱ የታተመ፣ 251 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህ ቅንጅት ከጨረር በኋላ ሲሰጥ ከታማሚዎቹ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ከ7.8 ዓመት ወደ 13.3 ዓመት መራዘሙን አሳይቷል። ስለዚህ «ዕፅዋት ለአንጎል ዕጢ ምን ይፈይዳሉ?» የሚል ሰው ካለ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እከራከረዋለሁ።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ተክሉን መጠጣት ይሻላል» ማለት አይከተልም። የፔሪዊንክል ደረቅ ቅጠል በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ተሰብስቦ የሚገኘው መድኃኒት በግራም የሚለካ ነው፤ ለአንድ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም። ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ ነርቭ ይጎዳል፣ አንጀት ያስራል። ይባስ ብሎ ይህ በደም ሥር ሲሰጥ ሕይወት የሚያድን መድኃኒት በስሕተት በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ከተወጋ ታማሚውን ይገድላል፤ በዚሁ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በመርፌ ፋንታ በትንሽ የግሉኮስ ወይም የጨው ውሃ ከረጢት ተበርዞ እንዲሰጥ ይመክራል። አንድ ተክል፣ አንድ ንጥረ ነገር፣ አንድ ሰው፤ ልዩነቱ የገባበት ቦታና መጠኑ ብቻ ነው። በሃይላንድ ውስጥ ያለው ቅጠል ስንት ሚሊግራም እንደያዘ የሚያውቅ ግን ማንም የለም፤ ቀቅሎ የሰጠው ሰውም ጭምር።

ጸሐፊው የአገራችንን ዕፅዋት በኩራት ስለጠቀሱ እኔም አንዱን ልጥቀስ። አጣጥን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። በ1972 አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ከሄደ የአጣጥ ዘመድ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድልበት ጉልበት ባለሙያዎችን ያስደነቀ ነበር። ወደ ሰው ሲሻገር ግን ካንሰሩን ከመጉዳቱ በፊት ሰውየውን የሚጎዳ ሆኖ ተገኘና ሙከራው ቆመ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩን አሻሽለው፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ አነጣጥሮ ከሚያርፍ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው፣ በ2013 ካድሳይላ በሚል ስም የተፈቀደውን መድኃኒት ሠሩ። አርባ ዓመት ፈጀ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደስታና ቁጭት አብረው ይሰሙኛል፤ ደስታው ከአፈራችን የበቀለ ነገር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሴቶችን እያከመ መሆኑ ነው፣ ቁጭቱ ደግሞ ሥራው ሁሉ የተሠራው በሌላ አገር መሆኑ። ይሁን እንጂ በ1972 «መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ አጣጥ ቀቅላችሁ ጠጡ» ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንቱን በገደለ ነበር!

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ኩርኩሚንም ሆነ ታይሞኪኖን በመስታወት ሳህን ላይ የግሊዮብላስቶማ ሕዋሳትን መግደላቸው እውነት ነው፤ ጥናቶቹ አሉ፣ አልክድም። ችግሩ በሳህን ላይ ያለን ሕዋስ መግደል ቀላል መሆኑ ነው። በረኪና ይገድለዋል፤ ጨው ሲበዛበትም ይሞታል። ሳህኑ ላይ ጉበት የለም፣ አንጀት የለም፣ ደም የለም። ከሁሉም በላይ አንጎልን የሚጠብቀው አጥር የለም።

ስለዚህ አጥር ጽሑፉ አንዲት ቃል አላነሣም። የአንጎልን ሕዋሳት የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በሌላው የሰውነት ክፍል እንዳሉት አይደሉም። ግድግዳቸውን የሠሩት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ጥብቅ ብለው ተሰፍተዋል፤ ሾልኮ የገባውንም ባዕድ ነገር ይዘው ወደ ደም የሚመልሱ ፓምፖች አሏቸው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ይህን አያልፉም። «ዕጢው አጥሩን ያፈርሰው የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በዕጢው መሃል አጥሩ ይሳሳል። ነገር ግን ግሊዮብላስቶማን እንዲህ አስቸጋሪ የሚያደርገው ከዋናው ዕጢ ወጥተው፣ እንደ ሥር ወደ ጤነኛው አንጎል ሰርገው የገቡት ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱ የተሸሸጉት ደግሞ አጥሩ ካልፈረሰበት በኩል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን አወጣሁት ብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፓክሊታክሰልን እንይ። በጡትና በማሕፀን ዕንቁላል ካንሰር የታወቀ ጉልበተኛ መድኃኒት ነው፣ የግሊዮብላስቶማን ሕዋስም በሳህን ላይ አጥብቆ ይገድላል፤ አንጎል ዘንድ ሲደርስ ግን ፓምፖቹ መልሰው ይተፉታል። በ2023 የታተመ፣ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተመራ ሥራ ይህን ለመሻገር ምን እንደሚጠይቅ አሳይቷል። ሐኪሞቹ 17 ታማሚዎች ላይ ዕጢው በወጣበት ቦታ የራስ ቅል ውስጥ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ተከሉ፤ መሣሪያው የድምፅ ሞገድ ሲልክ አጥሩ ለአጭር ጊዜ ይከፈታል፣ መድኃኒቱም በዚያው ሰዓት በደም ሥር ይሰጣል። በአንጎል ውስጥ የተገኘው የፓክሊታክሰል መጠን ወደ 4 እጥፍ ገደማ ከፍ አለ። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ ዕድሜ ማራዘሙ ገና አልተረጋገጠም። እኔ ግን «ከዕፅዋት የተገኘ ነገር ለአንጎል ካንሰር ተስፋ አለው ወይ?» ብለው ለሚጠይቁኝ የምጠቅሰው ይህንን ነው፤ ተስፋው ያለው እንዲህ ባለው አድካሚ ሥራ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ እርዱ። በላቦራቶሪ ብዙውን ጊዜ ሕዋስ ለመግደል የሚያስፈልገው ኩርኩሚን ከ10 ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ብዛት የሚለካበት መለኪያ ነው) ይጀምራል። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ለሰዎች በቀን 8 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ሰጥቶ በደማቸው ያገኘው ከፍተኛ መጠን በአማካይ 1.77 ማይክሮሞላር ነበር፤ ይህም በደም ውስጥ ነው፣ የአንጎልን አጥር ገና ሳይሻገር። ደረቅ እርድ በውስጡ የሚይዘው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ነው። ስሌቱን ጸሐፊው ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ፦ 8 ግራም ለማግኘት በየቀኑ ከሩብ ኪሎ በላይ የእርድ ዱቄት መዋጥ ያስፈልጋል። እናቶቻችን ለአንድ ድስት አልጫ የሚጨምሩት አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ሩብ ኪሎውን የሚውጥ ቢገኝ እንኳ በላቦራቶሪ ከሚፈለገው መጠን ሩቡ ላይ አይደርስም። በ2017 የኩርኩሚንን ኬሚስትሪ የመረመሩ ባለሙያዎች ከ120 በላይ የክሊኒክ ሙከራዎች ተደርገው ወይም ተጀምረው እንደነበር አስታውሰው፣ ታማሚውም ሐኪሙም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ከማስመሰያ ክኒን ጋር በተነጻጸረ ሙከራ የተሳካ አንድም አላገኘንም ብለው ጽፈዋል። እርድ መልካም ቅመም ነው። ወጣችንን ያሳምራል።

ስለ እጣኑ ጥናት ጸሐፊው ያነሡት እውነተኛ ጥናት በመሆኑ ላመሰግናቸው እወዳለሁ፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» ብለው ያልፋሉ። ጥናቱ በፍራይቡርግ ከተማ የተደረገና በ2011 የታተመ ነው። የአንጎል ዕጢ ያለባቸው፣ ጨረር የሚወስዱ 44 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በቀን 4,200 ሚሊግራም የእጣን ውጤት በካፕሱል፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ወሰዱ። ጨረሩ ሲያበቃ የአንጎል እብጠታቸው ከ75 በመቶ በላይ የቀነሰላቸው እጣኑን ከወሰዱት 60 በመቶ፣ ከሌሎቹ 26 በመቶ ነበሩ። ይህ ውጤት አይናቅም። እጣን ላኪ አገር እንደመሆናችን፣ ከመተማና ከትግራይ ቆላ የሚሰበሰበው እጣናችንም የዚያው ቤተሰብ በመሆኑ እኔም ሳነበው ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር።

ነገር ግን የተለካው ምንድን ነው? እብጠት ነው። ዕጢ በአንጎል ውስጥ ሲያድግ በዙሪያው ያለው ሕብረ ሕዋስ ውሃ ይቋጥራል፤ ራስ ምታቱን፣ ማስመለሱን፣ የእጅ እግር መዛሉን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ይህ ውሃ ነው። ውሃው ሲቀንስ ሰውየው ይሻለዋል፤ ዕጢው ግን እዚያው ሊኖር ይችላል። ጥናቱ እጣን የወሰዱት ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ አላለም፤ በኑሯቸው ጥራትና በአእምሮ ብቃታቸውም ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የተጠቀሙበት እጣን የሕንዱ ዝርያ ነው፣ የእኛው አይደለም፤ የኬሚካል ይዘታቸው ይለያያል። የተወሰደውም ተመጥኖ በካፕሱል እንጂ በከሰል ላይ ጨሶ አይደለም። ከሁሉም የሚበልጠው ነገር፣ በዚያ ጥናት ውስጥ እጣን ለመውሰድ ብሎ ጨረሩን የተወ አንድ ሰው የለም። ጽሑፉ የጠቀሰው ማስረጃ ጽሑፉ የሚመክረውን ነገር አይመክርም። እጣኑ እብጠትን ለመቀነስ የሚሰጠውን የስቴሮይድ (የእነ ዴክሳሜታዞን) መጠን ያሳንስ እንደሆነ በትልቅ ጥናት ቢፈተን እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ፤ ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስኳር እንደሚያስነሣ፣ ጡንቻ እንደሚያሟሟ፣ ፊት እንደሚያሳብጥ በየቀኑ አያለሁና።

ኩባንያዎች ይሸሽጋሉ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከ1960 እስከ 1982 ድረስ 35,000 ያህል የዕፅዋት ናሙናዎችን ሰብስቦ 114,000 ጭማቂዎችን ፈትኗል። የሚሸሽግ ሰው እንዲህ አይፈልግም። ፓክሊታክሰል በራሱ በንጥረ ነገሩ ላይ የባለቤትነት መብት ሳይኖር ለገበያ ቀርቦ፣ በ2000 ብቻ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሸጧል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከአርቲሚሲያ ተክል የወባ መድኃኒት በማውጣታቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሆኖም በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው የሚያነሡት ቅሬታ ባዶ አይደለም። እንደ እጣኑ ያለ ትንሽ ተስፋ ሰጪ ጥናት ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣለት ሲያጣ ለዓመታት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ከአፍሪካ ለሚመጣ ግኝት ጆሮ የሚሰጠው እንደሚያንስም አውቃለሁ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወራጅ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል ካረጋገጡ በኋላ የዓለምን ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። ግን ያደረጉትን እናስተውል። ቀንድ አውጣ ቆጠሩ፣ መጠን ለኩ፣ መርዛማነቱን ፈተኑ፣ በመንደር ሞከሩ፣ ዓመታት ጠበቁ። ማንንም እንዶድ ጠጡ አላሉም።

ዳኑ ስለተባሉት ሰዎች ስናገር ማንንም ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል የሚነግሩኝ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። የማይናገሩት፣ የማያውቁትን ነው። «የአንጎል ዕጢ» የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ሜኒንጂዮማ የሚባለው ከአንጎል ሽፋን የሚነሣ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አንዳንዱም ለዓመታት ሳይነካ በክትትል ብቻ ይቆያል። እንዲህ ያለ ዕጢ ያለበት ሰው ጥቁር አዝሙድ በማር ጠጥቶ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ቢገኝ ማሩ አዳነው ማለት አይቻልም። እንደ እኛ ባለ ቲቢ በበዛበት አገር ደግሞ በአንጎል ውስጥ የሚፈጠር የቲቢ እብጠት በሲቲ ስካን ላይ ዕጢ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እስኪታይ ድረስ ሐኪም እንኳ ሊሳሳት ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ሲሰጠውም ይከስማል። በሌላ በኩል ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የጨረሰ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኤምአርአይ ሲነሣ ዕጢው ያደገ የሚመስልበትና ከወራት በኋላ ያለ ምንም ተጨማሪ ሕክምና የሚሻሻልበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያዎች በሚገባ የሚያውቁት ነገር ነው። በዚያ መሃል ቅጠል የጀመረ ሰው ምስጋናውን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

የወጣቷ አባትም እንዲሁ ነው። ማዘዣው ላይ ያለውን ቀን አየሁት፤ ዴክሳሜታዞኑን የጀመሩት ሃይላንዱን ከመጀመራቸው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። ይህ መድኃኒት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ራስ ምታት ማቅለል ይጀምራል። ክኒኑ የሠራውን ሥራ ቅጠሉ ወሰደና፣ ክኒኑ እንዲቆም ተፈረደበት።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ስለ እርሱ ነው። ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም የሚለውን ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ አባቶቻችን ራሳቸው ለኮሶ መጠን ነበራቸው፣ ለነፍሰ ጡርና ለደካማ አይሰጡም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ክብደት ለመቀነስ በተሰጠ የቻይና ቅጠል ውስጥ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ተክል ገብቶ መቶ ያህል ሴቶች ኩላሊታቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኋላ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ያዛቸው። ጉዳቱ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይታይም። ከእኛው አምጃ ጋር የሚዛመደው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ተክል፣ ሰዎች ለድብርት ብለው ሲወስዱት፣ የኢሪኖቴካንን ዋና ሠሪ ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ በ42 በመቶ እንደቀነሰው በ2002 ታትሟል። ታማሚው ምንም አልተሰማውም፤ ኬሞቴራፒው ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በ2009 ደግሞ በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው፣ ብዙ የሚወደሰው ንጥረ ነገር ቦርቴዞሚብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ከነጭራሹ እንደሚያከሽፈው ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ከፈተኑባቸው ሕዋሳት መካከል የግሊዮብላስቶማ ሕዋሳት ነበሩበት። ቅጠልና መድኃኒት በአንድ ጉበት ነው የሚያልፉት። የአንጎል ዕጢ ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታ መከላከያም ይወስዳል፤ የዚያ መጠን ከወረደ ውጤቱ መንገድ ላይ መውደቅ ነው።

«ጥቂት ወራት ቢሞክሩት የሚያጡት ነገር የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከላይ ካስቀመጥኩት ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ያንብቡልኝ። ታክመው እንኳ ግማሾቹ ከ14.6 ወር በላይ በማይቆዩበት በሽታ ላይ ሦስት ወር ማለት ከአምስት አንድ እጁ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊወጣ ይችል የነበረ ዕጢ ንግግርን ወይም እጅ እግርን የሚያዘው ቦታ ላይ ይደርስና ቀዶ ሐኪሙ «አሁን ብነካው ሽባ ይሆናል» ይላል። ሜኒንጂዮማ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ የሚችለውም ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ዴክሳሜታዞንን በአንድ ጊዜ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል፦ እብጠቱ ይመለሳል፣ መድኃኒቱ ሲተካው የቆየውን ሆርሞን ማምረት ያቆመው ሰውነትም የደም ግፊቱ ወርዶ ሊዝለፈለፍ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ለወጣቷ ይህን ሁሉ አላብራራሁላትም፤ ከኋላዋ ሰልፍ ነበር። ሃይላንዱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። «ብዙ ነገር ነው፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል ነው አሉኝ» አለች፤ ስማቸውን አታውቅም። እንግዲያውስ እህቴ፣ አልኳት፣ ክኒኑ እንዳይቋረጥ፤ ሃይላንዱን ግን አትደብቂው፣ በቀጠሮው ቀን ይዘሽው ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው፣ መቼ እንደጀመረም ንገሪው። «አይቆጡኝም?» አለችኝ። ይህ ፍርሃት የእኛ የጤና ባለሙያዎች ጥፋት ነው፤ ቅጠል ጠጣሁ ያለን ታማሚ እንደ ወንጀለኛ እያየን ስለኖርን ሰው ደብቆ ይጠጣል፣ እኛም የማናውቀውን መድኃኒት ከምናውቀው ጋር እየደባለቅን እንሰጣለን። በዚህ ጸሐፊው ቢወቅሱን አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ እርድም ስለ እጣንም ስለ ኩባንያዎችም የጻፉት እንዳለ ይቆይ፤ በዚያ ላይ መከራከር እንችላለን፣ ክርክሩም ይጠቅማል። ከቀዶ ሕክምናውና ከጨረሩ በፊት ጥቂት ወራት ሞክሩ የምትለዋን አንቀጽ ግን ያንሡልኝ። ወጣቷ በመስኮቱ በኩል ያነበበችልኝ እርሷን ነበር።